87 ሺህ ሙታን ያሉበት መናፈሻ

በእንግሊዟ የብረት ከተማ በሼፊልድ፣ ሻሮው ከሚባለው ሰፈር ዳር አንድ የሣር ሜዳ አለ። ፀሐይ ስትወጣ ወጣቶች ብርድ ልብስ አንጥፈው ይጋደሙበታል፤ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፤ ባለ ውሾች ውሾቻቸውን ይለቁበታል። ከሥራቸው ሰው እንደተቀበረ የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅም አይጠፋም። እስከ 1980 ገደማ ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቦታው ሜዳ አልነበረም። ወደ 800 የሚጠጉ የመቃብር ድንጋዮች ቆመውበት ነበር። የከተማው ምክር ቤት ድንጋዮቹን አነሣ፣ ሟቾቹን ባሉበት ተወ፣ ሣርም ዘራበት።

ነውር ነው ወይስ ብልኅነት? ሜዳው የሼፊልድ ጄነራል ሴሜቴሪ አካል ነው። በዚህ መቃብር ጉዳይ የከተማው ሰው ለዐሥርተ ዓመታት ሲከራከር ኖሯል። ክርክሩ በተነሡት ድንጋዮች ብቻ አላበቃም፤ ቦታው ራሱ ምን ይሁን ወደሚለውም አልፏል። አንዱ እንደ ቅርስ ተጠብቆ ይጎብኝ ይላል። ሌላው ዛፉና ወፉ ይበቃዋል፣ አትንኩት ይላል። ሦስተኛው ሰው በጠባብ ቤት ታፍኖ በሚኖርበት ከተማ ይህን የሚያህል መሬት ለሙት ብቻ መተው ግፍ ነው ይላል። መቃብር ሲባል ነጠላ አዘቅዝቆ መግባትና አልቅሶ መውጣት ብቻ ለሚታየን ለእኛ ደግሞ፣ ነገሩ ገና ከሥሩ ያስደነግጣል፦ ሰው ለሽርሽር መቃብር ይሄዳል እንዴ?

መቃብሩ እንዴት እንደተቋቋመ ሳያውቁ ግን ማንኛውንም ወገን መመዘን አይቻልም። ሼፊልድ በቢላዋ፣ በመቀስና በሹካ የታወቀች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ 46 ሺህ ያህል የነበረው ሕዝቧ በ1851 ወደ 135 ሺህ ደረሰ። ሰው ሲበዛ ሬሳም በዛ። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው የመቃብር ቦታ ግን ያው የጥንቱ ነበር፤ በዘመኑ የእንግሊዝ ከተሞች ሁሉ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር የፊተኛው ሟች አፅም መውጣቱ የተለመደ ሆነ። በዚህ ላይ በ1832 ኮሌራ ገባና በሼፊልድ 402 ሰው ፈጀ። ከሟቾቹ አንዱ ጆን ብሌክ ሲሆን፣ የከተማው ስለት ሠሪዎች ማኅበር የበላይ አለቃ ነበር። በሽታው የመጣበትን ምክንያት ማንም በትክክል አያውቅም ነበርና፣ ከመቃብር የሚወጣው ሽታ ነው ብሎ የሚያምነው ብዙ ነበር።

ሌላም ቅሬታ ነበር። ሜቶዲስቱ፣ ባፕቲስቱና ሌላው ከእንግሊዝ መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆነ ፕሮቴስታንት ሁሉ በአጥቢያው ቅጥር ቢቀበርም፣ የቀብሩን ጸሎት የሚመራው የአንግሊካን ቄስ ብቻ ነበር። ይህ ሕግ የተሻረው በ1880 ነው። በሼፊልድ ደግሞ የእነዚህ ሰዎች ቁጥር ብዙ፣ ኪሳቸውም ያበጠ ነበር። በ1834 ተሰባስበው አክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ፤ መቃብራቸው በ1836 ተከፈተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዙፋን ላይ የወጣችው በ1837 ስለሆነ፣ ዛሬ የቪክቶሪያ ዘመን ድንቅ መቃብር እየተባለ የሚወደሰው ሥፍራ ንግሥቲቱን በአንድ ዓመት ይቀድማታል።

ቦታው ፖርተር ከሚባለው ትንሽ ወንዝ በላይ ያለ ተዳፋት ሲሆን ቀድሞ ድንጋይ ይፈለጥበት ነበር። ሳሙኤል ዎርዝ የሚባል የከተማው አርክቴክት ተዳፋቱን በእርከን እርከን ከፋፈለው። ዋናውን የበር ቤት ወንዙ ላይ ሠራው፤ ወደ መቃብሩ የሚገባ ሰው ውሃ ተሻግሮ ይገባል ማለት ነው። በላይ በኩል ያለውን በር ደግሞ እንደ ጥንታዊ ግብፅ ቤተ መቅደስ አቆመው፤ በብረቱ መዝጊያ ላይ ጅራታቸውን የሚነክሱ እባቦች አሉ። ግብፅ ምን አገባት ለሚል፣ በዚያ ዘመን የግብፅ ነገር ፋሽን ነበር። ለእኔ ግን ሌላም ምክንያት ያለው ይመስለኛል። የአንግሊካንን ቤተ ክርስቲያን የሸሹ ሰዎች መቃብራቸውን በማንኛውም ቤተ ክርስቲያን መልክ ባይሠሩ ይወዳሉ።

እዚህ ላይ ነው የእኛን ድንጋጤ የሚያበርደው ነገር ያለው። ያ መቃብር ከመጀመሪያው የታሰበው ሰው እንዲንሸራሸርበት ነው። የዚያ ዘመን ሀብታም መቃብር ሲሠራ ዛፍ ይተክላል፣ መንገዱን ያጠማዝዛል፣ ቁልቁል ከተማውን የሚያሳይ ቦታ ይመርጣል። በ1840ዎቹ መጨረሻ መቃብሩ ለአንግሊካኖች ሲሰፋ አትክልቱን የነደፈው ሮበርት ማርኖክ ሲሆን፣ የሼፊልድን የዕፅዋት መናፈሻ ያለማውም እሱ ነው። የዘመኑ የአትክልት ሊቅ ጆን ክላውዲየስ ላውደን በ1843 ስለ መቃብር አሠራር በጻፈው መጽሐፍ፣ መቃብር ሲሞላ ተዘግቶ የሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን መክሯል፤ ሐውልቶቹ ግን ባሉበት እንዲቆዩ ነው። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ልጆቹን ይዞ በሙታን መካከል የሚዘዋወረው የሼፊልድ ሰው የአያት ቅድመ አያቶቹን ልማድ እየፈጸመ ነው። ላውደንን ድንጋይ አንሺውም ድንጋይ ጠባቂውም ምስክር ሊያደርገው ይችላል፤ አንዱ የምክሩን መጀመሪያ፣ ሌላው መጨረሻውን ይዞ።

መንሸራሸሩ ከተፈቀደ ቀጣዩ ጥያቄ ምን እያዩ የሚል ነው። አብዛኛው ጎብኚ የሚመራው ወደ ማርክ ፈርዝ ነው። ፈርዝ የብረት ከበርቴ ነበር፤ ፋብሪካው ለመድፍ የሚሆን ብረት ለእንግሊዝ መንግሥት ያቀርብ ነበር። ለከተማው ትልቅ መናፈሻ ሰጠ፤ በ1879 ያቋቋመው ኮሌጅ ለዛሬው የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆነ፤ በዓመቱ ሞተ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሐውልቱን ሳይ ዓይኔን የሚስበው ሐውልቱ ሳይሆን የከበበው የብረት አጥር ነው። አጥሩ የተሠራው በገዛ ፋብሪካው በኖርፎክ ወርክስ ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላ እንኳን ለገበያ የሚሆን ናሙና አቁሞ የተኛ ይመስላል። ሠራተኞቹ አክብረውት የሠሩትም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ከዚያው መቃብር ሳሙኤል ሆልቤሪ አለ። ሆልቤሪ ቻርቲስት ነበር፤ ለወንድ ሠራተኛ ሁሉ የመምረጥ መብት ከሚጠይቀው እንቅስቃሴ። በጥር 1840 ሼፊልድ ላይ በመሣሪያ የሚነሣ ዐመፅ ሲያሰናዳ ተያዘ፤ አራት ዓመት ተፈረደበት። ኖርዛለርተን ወኅኒ ውስጥ ያለ ሕግ በእግር የሚዞር መንኰራኩር ላይ አስረገጡት፣ ጤናው ተሰበረ፣ ወደ ዮርክ ተዛውሮ በሰኔ 1842 ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። ሬሳው ሼፊልድ ሲደርስ እስከ 50 ሺህ ሰው ወጣ ይባላል፤ የሠራተኛ ቀብር ሆኖ እንደ ንጉሥ ተሸኘ። ድንጋዩ ጠፍጣፋና ትሑት ነው። ጽሕፈቱ ዕድሜውን፣ የታሰረበትን ጊዜ ርዝመትና የሞተበትን ወኅኒ ይዘረዝራል፤ ለሕዝቡ ይበጃል ብሎ ያመነበትን በመናገሩ እንደሞተም ይናገራል። ከሥሩ የሕፃን ልጁ ስም አለ። አባት ወኅኒ እያለ ልጁ ሞቷል፤ አሁን አንድ ድንጋይ ይጋራሉ። ከተማው በኋላ ዘመን ሲጸጽተው መሐል አደባባይ ላይ ያለውን ፏፏቴ በስሙ ሰየመለት።

ባለ ፋብሪካውና ዐመፀኛው በአንድ ቅጥር መተኛታቸውን አስጎብኚዎች ይወዱታል። ሞት ሁሉን እኩል ያደርጋል ለማለት ይመቻል። ቦታው ራሱ ግን እንዲህ አይልም። አንግሊካኖቹ በገቡ ጊዜ የእነሱን የተባረከ መሬት ከሌላው የሚለይ ግንብ ተሠራ፤ ዛሬም አለ። ከግንቡ ይልቅ የሚከብደው ደግሞ ምልክት የሌለው ነገር ነው፦ በአንዱ ጉድጓድ በርካታ ድሆች ተደራርበው ተቀብረዋል። በአገሪቱ ከሚታወቁት ነጠላ መቃብሮች ብዙ ሰው የያዘው ይህ ነው ይባላል። ምክንያቱ ያው ገንዘብ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ተደርጎ ይቆፈራል፣ እስኪሞላ አይደፈንም፣ ድንጋይም አይቆምበትም። ሊድስ ከተማ ቤከት ስትሪት በተባለው መቃብር ድሃው አንድ ጊኒ ከፍሎ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ቢቀበርም በጋራ ድንጋይ ላይ ስሙን ያስጽፍ ነበር። ድንጋዮቹ ከላይ እስከ ታች በስም የተሞሉ ናቸው፤ የስም ዝርዝር ለመለጠፍ እንደተሰቀለ ሰሌዳ። ሰው ለስሙ ሲል ከእህሉ ቀንሶ ይከፍል እንደነበር ከዚያ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ከእነዚህ ስም የለሾች ውስጥ ስንቱ ሹካ የሚስል ሠራተኛ እንደነበር መገመት አይከብድም። በሼፊልድ ሹካ የሚስለው ሠራተኛ በደረቅ ድንጋይ ላይ ስለሚሠራ የድንጋዩና የብረቱ ብናኝ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ዶክተር አርኖልድ ናይት የተባሉ የከተማው ሐኪም ይህን በሽታ ገና በ1830 ጽፈውበታል፤ ዕድሜውን በሠላሳዎቹ የሚጨርሰው ብዙ ነበር። ስሎ የሸጠው ሹካ ግን የእንግሊዝን ማዕድ ሁሉ አዳርሷል። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።

መቃብሩ እንዴት ለክርክር በቃ? በአጭሩ፣ ንግዱ የሚያዋጣ አልነበረም። የመቃብር ኩባንያ የሚሸጠው ቦታ ነው። ቦታው ሲያልቅ ገቢው ይቆማል፤ ግንቡ፣ መንገዱ፣ ዛፉ ግን ወጪ ማስወጣታቸውን አያቆሙም። በተዳፋቱ ውስጥ የታነጹት የግድግዳ መቃብሮች ገና ከመጀመሪያው ፈላጊ አጡ፤ የሼፊልድ ሰው አፈር ይወድ ነበር። ከተማው በ1881 ሲቲ ሮድ ላይ ሰፊ የሕዝብ መቃብር ሲከፍት ደንበኛው ወደዚያ ሄደ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቦታው ጫካ ሆነ፤ ሐረግ ሐውልቱን ዋጠው፣ ድንጋይ ተጋደመ፣ ለመሬቱ ሲል ኩባንያውን የገዛ ነጋዴም ቤት ልሥራበት አለ። ያ አልሆነም። በ1977 ምክር ቤቱ ተረከበው፤ በ1978 ቀብር ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ነው የአንግሊካኑ ወገን ድንጋዮች የተነሡት። እስከዚያ ቀን የተቀበረው ሰው ከ87 ሺህ በላይ ነው።

የድንጋይ አንሺዎቹን ነገር በቅን ልብ እንስማ። ምክር ቤቱ የተረከበው ሀብት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዕዳ ነበር። የተጋደመ ድንጋይ በቀላሉ የሚታለፍ አደጋ አይደለም። በ2000 ሃሮጌት ከተማ ውስጥ አንድ ሕፃን የመቃብር ድንጋይ ወድቆበት ሞቷል፤ ከዚያ ወዲህ የብሪታንያ ምክር ቤቶች ድንጋይ እየገፉ መፈተሽና የሚነቃነቀውን ማስተኛት ግዴታቸው አድርገዋል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ተደጋግፈው በተሠሩ የሠራተኛ ቤቶች ውስጥ ነው የሚኖረው። ልጅ የሚጫወትበት ሣር ከየት ይምጣ? ከተቀበሩት የመጨረሻዎቹ በቀር የሚጠይቃቸው ዘመድ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ሊድስ ዩኒቨርሲቲም በ1835 የተከፈተውን የከተማውን መቃብር ገዝቶ፣ በ1965 ከፓርላማ ሕግ አውጥቶ፣ ብዙውን ድንጋይ አንሥቶ አረንጓዴ አድርጎታል፤ ዛሬ ተማሪው ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ነው። እኛም ብንሆን ከዚህ የራቅን አይደለንም። በአዲስ አበባ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲጠብ አፅም ይነሣል፣ ፉካ ይለቀቃል፤ ይህን የሚያደርገው ምክር ቤት ሳይሆን ሰበካ ጉባኤ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ። የእነሱ ክርክር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የዘመድ፣ ሌላው የታሪክ። የዘመዱ አጭር ነው፦ ቅድመ አያቴ ቦታውን በገንዘቡ ገዝቷል፣ ለዘላለም ተብሎ ተሽጦለታል፣ ማን ፈቅዶላችሁ ነው? እውነቱን ለመናገር ለዚህ መልስ የለኝም። ሕግ ወጥቶ ተፈቀደ ማለት ይቻላል፤ ውል ግን ውል ነው። የታሪኩ ክርክር ይረዝማል። የመቃብር ድንጋይ የሚነግረው መዝገብ የማይነግረው ነገር አለ፤ ማን ከማን ጋር ተቀበረ፣ ሚስት በባሏ ስም ብቻ ነው ወይስ በራሷም የተጠራችው፣ ስንት ልጅ ሞቶባቸው በስንተኛው ተስፋ ቆረጡ። በ1864 ከሼፊልድ በላይ ያለው የዴል ዳይክ ግድብ ፈርሶ ቢያንስ 240 ሰው በሌሊት ሲያልቅ፣ ከሟቾቹ በርካታዎቹ እዚህ ተቀብረዋል። ድንጋዩን ባየ ጊዜ ነው ሰው አደጋው በወንዙ ዳር ያለውን ቤተሰብ ከነልጆቹ ጠርጎ እንደወሰደ የሚገባው። ቁጥር ለዚህ አይበቃም።

የሚገርመው፣ ድንጋይ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ሁለት ጎራ ናቸው፤ ጠቡም ከሞላ ጎደል ከመጀመሪያው ይብሳል። በ1989 የአካባቢው ሰዎች የመቃብሩ ወዳጆች ብለው ተሰባሰቡ፤ ሐረግ መቁረጥ፣ ጽሕፈት መገልበጥ፣ እንግዳ ማስጎብኘት ያዙ። ያ ሁሉ ዓመት ማንም ሳይነካው የኖረው ቦታ ግን በራሱ ጊዜ ሌላ ነገር ሆኗል። ዛፉ አድጓል፤ ወፉ፣ የሌሊት ወፉ፣ ቀበሮው ቤት ሠርቷል። ቦታው በአንድ በኩል የተመዘገበ ቅርስ፣ በሌላ በኩል የተፈጥሮ ጥበቃ ሥፍራ ነው። ሁለቱ ማዕረጎች ወረቀት ላይ ተስማምተው ይቀመጣሉ፤ መሬት ላይ ግን አንድ ዛፍ በቂ ነው ለማጣላት። በሁለት መቃብር መካከል ዘር ወድቆ የበቀለ ዛፍ ግንዱ ሲወፍር ድንጋዩን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ እየቆየ የድንጋዩን ጠርዝ በቅርፊቱ ይጎርሰዋል። ዛፉን ካልቆረጡ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ ከቆረጡት የወፉ ጎጆ ይሄዳል፤ ሥሩን እነቅላለሁ ካሉ ደግሞ የሚወጣው አፅም ነው። የተፈጥሮው ወገን ስሜት ይገባኛል። በፋብሪካ ጢስ ሲታፈን በኖረ ከተማ መሐል ማንም ሳይተክለው የበቀለ ደን ማግኘት ትልቅ ጸጋ ነው። ይሁንና ምንም አትንኩ የሚለው ሐሳብ ውሳኔ አይመስልም እንጂ ራሱ ውሳኔ ነው፤ ዛሬ ያልተደገፈ ሐውልት ከሃያ ዓመት በኋላ የለም።

ከሎተሪ የቅርስ ድጋፍ ወደ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ተገኝቶ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ነገር ተጠግኗል፤ የግብፁ በር፣ ግንቦቹ፣ መንገዶቹ፣ ዋና ዋና ሐውልቶቹ። በዎርዝ ስም የሚጠራው የድሮው የጸሎት ቤትም ታድሶ ለሠርግ፣ ለኮንሰርትና ለስብሰባ ይከራያል። ይህ ሌላ ዓይነት ቅሬታ አመጣ። በሙታን መካከል እልልታ? እዚህ ላይ አገር አገር ይለያያል። ለእኛ በመቃብር አጠገብ መደገስ ቢዘገንነንም፣ አርባና ሙት ዓመት በልቶ ጠጥቶ የሚታሰበው ከመቃብሩ ቅጥር አጠገብ መሆኑን አንርሳ። የማንቸስተር ተወላጇ ሲልቪያ ፓንክረስት አዲስ አበባ ውስጥ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ተቀብራ፣ የውጭ እንግዳ መቃብሯን ፎቶ ሲያነሣ እልፍ አእላፍ ሙሽሮች እዚያው ካቴድራል ተድረዋል። ማንም አልተቀየመም።

የእኔን አዝማሚያ እንግዲህ ልናገር። ድንጋዮቹን ማንሣት የተባለውን ያህል ወንጀል አይመስለኝም። ከ87 ሺህ ሰው አብዛኛው ከመጀመሪያውም ድንጋይ አልነበረውም። በ1980 ሣር ሲዘራ የደነገጠው ድንጋይ ለነበራቸው የተቆረቆረ ሰው ነው፤ ያ የድሆች ጉድጓድ ሲሞላ ግን የደነገጠ አልተሰማም። በዚህ መልኩ ሜዳው ከሐውልቱ ይልቅ ለሕዝቡ ታሪክ ይቀርባል። ይህን ስል ግን የተቃዋሚውን አንድ ነጥብ መዋጥ አልችልም። ሣር ምንም አይናገርም። ሐውልቱ የቆመለት ባለ ብረት ፋብሪካ ይታወሳል፤ ድንጋዩ የተነሣበት ባለ ሱቅና ከጥንቱም ድንጋይ ያልነበረው ሹካ የሚስለው ሠራተኛ በአንድ ዝምታ ይጠቀለላሉ። ማንሣቱ ሰፊውን ሕዝብ ጠቀመ የሚለው ክርክር የሚሰምረው ስሙ ሌላ ቦታ ሲተርፍ ብቻ ነው።

መልካሙ ነገር ስሙ ተርፏል። የኩባንያው የቀብር መዛግብት አልጠፉም። በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ተቀምጠው ገልብጠዋቸዋል፤ ዛሬ ሰው የቤተሰቡን ስም ኮምፒውተር ላይ ጽፎ ሟቹን ማግኘት ይችላል። ለእኔ የመቃብሩ ትልቁ ሐውልት ይህ ነው፤ ከፈርዝ አጥርም ይበልጣል። ስለዚህ ጉብኝቱን የማዘጋጀው እኔ ብሆን ከግብፁ በር አልጀምርም ነበር። እንግዳውን መጀመሪያ ሜዳው ላይ አቁሜ ከመዝገቡ አንድ ገጽ አነብለት ነበር፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ። ከዚያ ወደ ሆልቤሪ፣ ከዚያ ወደ ፈርዝ። ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ያው ድንጋይ ሌላ ነገር ይናገራል።

የቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ እሱ ደግሞ በመልካም ስሜት አይፈታም። የሎተሪው ገንዘብ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያልቅ ነው፤ የወንዙ ዳር ግንብ ግን በየክረምቱ ውሃ ይገፋዋል። ለንደን ያለው ሃይጌት፣ ካርል ማርክስ የተቀበረበት፣ ጎብኚውን በር ላይ ያስከፍላል፤ ሼፊልድም እንዲሁ ታድርግ የሚሉ አይጠፉም። ሃይጌት ማርክስ አለው፣ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣ እንግዳ አለው። ሼፊልድ ያላት የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሻሮውና ለንደን ሮድ አካባቢ ደግሞ ከየአገሩ ተሰዶ የመጣ ብዙ ቤተሰብ ይኖራል፣ የእኛም አገር ሰዎች አሉበት። ለእነዚህ እናቶች ጋሪ እየገፉ የሚገቡበት ነጻ አረንጓዴ ቦታ ይህ ነው። በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ ቢቀመጥ ቅርሱ ይድን ይሆናል፤ ድንጋዮቹ የተነሡበት ምክንያት ግን ያኔ ከንቱ ይሆናል። የጸሎት ቤቱ ሠርግ ቢያሳፍርም፣ ኪራዩ ግንቡን ከጠገነ እኔ ሠርጉን እመርጣለሁ።